ቀዩ ላንድሮቨር በኮሶዬ ጉም ውስጥ የተነሣበት ዜና

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አብዮት በነገሠ በስምንተኛው ዓመት፣ ስኳር በቀበሌ ወረፋ በሚታደልበት፣ ስብሰባም ከዝናብ ይልቅ በበዛበት በዚያ ወራት፣ በጎንደር ከተማ ፋንታሁን የሚባሉ ሾፌር ነበሩ፤ እርሳቸውም የአንድ እርሻ ልማት ጽሕፈት ቤት ላንድሮቨር ነጂ፣ ዐቃቤ መሪ፣ መጋቤ ቤንዚን፣ ኃያለ ሊማሊሞ ሲሆኑ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት ጥቂት፣ የሚናገሩት ግን እጅግ ብዙ ነበረ።

ላንድሮቨሩም ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ሽማግሌ ነበረ። ሲወለድ አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን የመስከረሙ የአብዮት በዓል ሲቃረብ የጽሕፈት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው፣ «አረንጓዴ የመሳፍንት አደን ቀለም ነው! ማኪናው ከሥር እስከ ጣሪያ ቀይ ይሁን!» ብሎ አወጀ። አያ ፋንታሁንም ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና፣ ቀለም ቀቢ ሳይጠሩ በገዛ እጃቸው ብሩሽ ጨብጠው ከሥር እስከ ጣሪያ ቀቡት።

ከበዓሉ ወዲህ ግን የላንድሮቨሩ ጠባይ ተለወጠ። ፍሬን ሲረግጡት ጡሩንባው ይጮኻል፤ የቀኝ ፍሬቻ ሲያሳዩ የመስታወት መጥረጊያው ይነሣል፤ ትልቁን መብራት ሲያበሩት የጧፍ ያህል ብልጭ ብሎ ይደክማል። በፒያሳ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሰላም ያሉት እየመሰለው እጁን ሲያነሣ ከረመ። ጓድ አንዳርጋቸውም፣ «ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ እጁ ያለበት ሰው ይጣራል!» ብሎ ተናገረ። በዚያ ዘመን «ይጣራል» የተባለለት ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ነበር የሚሄደው። አያ ፋንታሁንም ከዚያ ወዲህ ፍሬን መርገጥ ፈሩ፤ የሊማሊሞ ገደሎች ያላስፈሯቸው ሰው የገዛ ቀኝ እግራቸውን ፈሩ።

ወእምዝ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ ጓድ አንዳርጋቸው ለዳባት ገበሬዎች ሥራ ፈትተው ስለ ሥራ ጥቅም እንዲሰሙ ከረፋድ እስከ ቀትር ተናግሮ ወደ ጎንደር ሲመለስ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር እጅጋየሁ መንገድ ላይ ቆማ ማኪናውን አስቆመች፤ ጡሩንባውም እንደ ልማዱ ጮኸ። እናኑ የምትባል የገበሬ ሚስት ምጥ ጠንቶባት፣ ልጁ በሆዷ ውስጥ በጎን ተጋድሞ ነበርና፣ ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም እንደማይተርፉ ሲስተር አስረዳች። ጓድ አንዳርጋቸውም የጭቁኑ ሕዝብ ወገን ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ብቻ አሰበ፤ ከዚያም ከፊት ወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ፈቀደ።

የዘመቻው ሠራዊትም ይህ ነበረ፦ ከፊት አያ ፋንታሁንና ጓድ አንዳርጋቸው፤ ከኋላ በአጎዛ ላይ የተጋደመችው እናኑ፣ ራሷን በጭኗ ያስደገፈቻት ሲስተር እጅጋየሁ፣ በትሩን የታቀፈው ባሏ አድማሴ፣ መፈክር የተጻፈበት አንድ ጥቅል ጨርቅ፣ እንዲሁም ለጓድ አንዳርጋቸው በፈቃደኝነት የተበረከተ፣ የእርሱ ፈቃድ ግን ያልተጠየቀ አንድ በግ።

አምባ ጊዮርጊስን በሰላም አለፉ። ኮሶዬ ላይ፣ ጉሙ መንገዱን በዋጠበት ስፍራ፣ ማኪናው አንድ ጊዜ አስሎ ቆመ። አያ ፋንታሁን ቁልፉን ቢያዞሩ «ጠቅ» አለ። ደግመው ቢያዞሩ መጥረጊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ተወው።

ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች የወጡ ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበቡ። አያ ፋንታሁንም ካፖርታቸውን አውልቀው ኮፈኑን ከፈቱና፣ «ጥፋተኛው ባትሪው ነው!» ብለው የመጀመሪያውን አዋጅ አወጁ። የባትሪውን ራስ በአሸዋ ፈተጉ፤ ገበሬዎቹም ማኪናውን ቁልቁል ገፉት፤ ላንድሮቨሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ከቀድሞው ይልቅ ጠልቆ ተኛ። ቀጥለውም፣ «ፊውዙ ነው!» ብለው አወጁና የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቀለሉበት፤ ማኪናው ግን በወረቀት የሚደለል አልሆነም። በሦስተኛው፣ «የሁሉንም ኃይል እየጠጣ ያስቸገረን ይህ ወሬኛ ጡሩንባ ነው!» አሉ። ጡሩንባውም ከማዕረጉ ተሽሮ፣ ሽቦው ተቆርጦ፣ ከበጉ አጠገብ በግዞት ተቀመጠ። ለውጥ አልመጣም።

በዚህ ጊዜ የእናኑ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ ጩኸት ሳይሆን አቅም ያጣ ማቃሰት ነበር። አድማሴ ወርዶ፣ «ምነው አያ ፋንታሁን! ከእርስዎ የተሻለ ሾፌር የለም ሲሉ ሰምቼ ነበርኮ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለዚህ ከስድብ ይልቅ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ።

ሲስተር እጅጋየሁም ተከትላ ወረደች። «ጋሽ ፋንታሁን፣ እኔ በሽተኛ ሲመጣልኝ አስቀድሜ መድኃኒት አልሰጥም፤ እጠይቃለሁ። ሕመሙ መቼ ጀመረው?»

«ከመስከረሙ በዓል ወዲህ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ፍየል ነበር! ገደል የሚወጣ!»

«ታዲያ ለበዓሉ ምን አደረጋችሁት?»

አያ ፋንታሁን ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀዩን ማኪና አዩ፤ ጓድ አንዳርጋቸውን አዩ፤ አፋቸውን ዘጉ። ነገሩ ገብቷቸዋልና። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ፣ መብራቱንም ሞተሩንም አገልግሎ፣ በማኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ መመለሻው ወፍራም ገመድ በሻንሲው፣ ማለት በማኪናው የብረት አጽም ላይ፣ በብሎን የታሰረ ሲሆን፣ የጋራዥ ሰዎች «መሬት» ይሉታል። ይህ መሬት ራቁቱን ብረት መንካት አለበት። አያ ፋንታሁን ግን በትጋታቸው ብዛት ብሎኑን ፈትተው፣ ሥሩን ቀይ ቀብተው፣ ገመዱን በቀለሙ ላይ መልሰው አስረውት ነበር። ኤሌክትሪኩም የቤቱ መንገድ ሲዘጋበት፣ አንዴ በጡሩንባው፣ አንዴ በመጥረጊያው በኩል መውጫ ሲፈልግ ከርሞ፣ በኮሶዬ ተስፋ ቆረጠ።

እንግዲህ ይህ እንዴት ይነገራል? «ጓድ፣ ቀዩ ቀለም ማኪናውን አቆመው» ያለ ሰው ዕጣው ምንድን ነው? «ቀይ፣ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል» ያለ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለ ቀለም ብቻ መናገሩ መሆኑን ለማስረዳት ክረምቱ አልበቃውም ነበር። ዝም ቢሉ ደግሞ ያቺ ሴት በእጃቸው እንደሞተች ይቆጠራል።

እናኑ፣ «እመቤቴ ማርያም!» ብላ ጮኸች፤ ጓድ አንዳርጋቸው እንኳ ሊያርማት አልደፈረም። ያን ጊዜ አያ ፋንታሁን ቆባቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «ጓድ! አሻጥሩ ተገኝቷል! ባትሪው መሬቱን ተነጥቋል!»

ጓድ አንዳርጋቸው ከወንበሩ ዘሎ ወረደ። «ማነው የነጠቀው?»

«ነጣቂው ላይ ላዩን አይታይም፣ ጓድ። ከቀለሙ ሥር ገብቶ ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እርስዎ መሬቱ ይመለስ ብለው ይወስኑ፤ እኔ በቢላዋ አስፈጽማለሁ።»

ዓመታት ሙሉ ስለ መሬት የሰበከ ሰው ባትሪን መሬት ሊከለክል አይችልም። ጓድ አንዳርጋቸውም እጁን ወደ ጉሙ ዘርግቶ፣ «መሬት ለአራሹ እንደተመለሰ ሁሉ፣ መሬት ለባትሪውም ይመለስ!» አለ፤ ገበሬዎቹም ከልማድ የተነሣ አጨበጨቡ። ሲስተር እጅጋየሁ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አድማሴ ቢላዋውን መዝዞ ሰጣቸው፤ አያ ፋንታሁንም በጭቃው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ከማኪናው ሥር ገቡ፤ ብሎኑን ፈቱ፤ ቀዩ ቀለም ፊታቸው ላይ እየረገፈ ብረቱ ብልጭ እስኪል ፋቁ፤ ገመዱን አጥብቀው አሰሩ። ቁልፉ ሲዞር ላንድሮቨሩ አጓራ፤ ገበሬዎቹም በዚህኛው ጊዜ ከልባቸው አጨበጨቡ።

ወደ ጎንደር ቁልቁል ወረዱ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ከተማው አፋፍ ላይ መንገዱን አህያና ገበያተኛ ሞላው፤ ጡሩንባው ግን በግዞት ላይ ነው። ጓድ አንዳርጋቸው የእናኑን ትንፋሽ ከኋላው ሰማ፤ እየደከመ ሲሄድ ሰማ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ፣ «ዞር በሉ! ወላድ ይዘናል! ስለ ማርያም ዞር በሉ!» እያለ እስከ ሆስፒታሉ በር ጮኸ። ከተናገራቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ እርሱ ነው፤ ሕዝቡም ሰምቶ የታዘዘለት እርሱ ብቻ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አድማሴ ከሆስፒታሉ ወጣ። «አያ ፋንታሁን፣ ሸጋ ሴት ልጅ! እናኑም ተርፋለች!» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ኃያለ ሊማሊሞም መሪውን እንደጨበጡ አለቀሱ፤ ምን ሆኑ ሲባሉ ግን ቤንዚን ዓይኔ ገባ አሉ።

ሌሎች ጀግኖች ምሽግ ሰበሩ፣ ከተማ ያዙ፣ ስማቸውም በነጋሪት ተነገረ፤ ፋንታሁን፣ መጋቤ ቤንዚን፣ ሰባሬ አሻጥር፣ መላሴ መሬት፣ ግን ያን ሁሉ ቀይ አልፈው የአንዲት ሳንቲም ታህል ብረት ነጻ አወጡ፣ ሁለት ነፍስም አተረፉ። የፋቁት ራሳቸው የቀቡትን መሆኑን ዜና ጸሓፊው አይክድም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የቀባ ብዙ፣ የፋቀ ጥቂት ነበርና፣ ክብርና ምስጋና ይገባቸዋል።