ጋሽ ሰብስቤ ሃያ ሜትር ክር በጣሳ የጫኑበት ዜና

የዲላ መናኸሪያ አዲስ በር ባገኘ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት በዐሥራ አራተኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ግዛቸው ወደ ይርጋጨፌ ሊሄድ መጥቶ፣ «ሻንጣዬን ዝናብ እንዳይነካው ከሥር አድርገው» ቢል፣ የአውቶቡስ ጣሪያ ጫኙ፣ መኰንነ ፖርቶመጋላ፣ ፈታሔ ውል፣ ከስምንተኛ ክፍል ፊታቸውን የመለሱት ጋሽ ሰብስቤ፣ ቅርብ የሚወርድ ዕቃው ከላይ ነው ብለው እንቢ ቢሉት፣ በሕዝበ ተሳፋሪ ፊት ይህን አዋጅ አስነገረ፦ «አንተ ደግሞ፣ ከገመድ ሌላ የሚገባህ ነገር አለ እንዴ?» ቆሎ ነጋዴዋ ሀዲጃም ሳቀች፤ ይኸም ተጽፏል።

ያ ቃል በጋሽ ሰብስቤ ሆድ ተጠቅልሎ ዘጠኝ ክረምት ከረመ።

በዘጠነኛውም ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርእይ ሆነና፣ ጋሽ ሰብስቤ ጠረጴዛ ሊያደርሱ ዘመቱ፤ ከፊታቸው ባጃጅ ነጂው ባልቻ ጠረጴዛውን ጭኖ፣ በስተቀኛቸው ሀዲጃ ከነቆሎዋ፣ ከሁሉም ኋላ ማንም ያልጠራው ውሻ።

እዚያም ግዛቸውን ሲያልበው አገኙት። ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ተለጥፏል፦ «በዓይን በማትታይ የሰው ሕዋስ አስኳል ውስጥ ሁለት ሜትር የሚያህል ዲኤንኤ አለ። ክሩ በፕሮቲን ኳሶች ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይጠመጠማል፤ ቶሎ ቶሎ የሚነበበው ክፍል ላላ ብሎ ይቀመጣል።» መምህሩ ግን ይህን ለማሳየት ያመጣውን ሃያ ሜትር ክር እንዳለ ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ የሚነበበውን፣ በቀይ የተቀባውን፣ ከሥር ቀብሮት ነበር። ቢስበው ሁሉም ተተበተበ። እንግዶች ሊደርሱ አንድ ሰዓት ቀርቷል።

ጋሽ ሰብስቤ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ገባቸውም። ይህ ክር ቢታዘዝላቸው ስድቡ ሐሰት ነው፤ እንቢ ቢላቸው እውነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዋጅ አወጡ፦ «ሀዲጃ፣ ለፕሮቲኑ ኳስ የመጣውን ጀንፈል አቀብዪኝ። ባልቻ፣ ጫፉን ያዝ፤ ብትለቅ ወዮልህ። ቀድሞ የሚወርድ ኋላ ይጫናል።»

በየጀንፈሉ፣ በየደረቁ የቡና ፍሬ ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እየጠመጠሙ፣ ድርድሩን እንደ ሞያሌ መንገደኛ ጓዝ እያጠፉ፣ የማይነበበውን ከሥር አጥብቀው፣ ቀዩን ከላይ አላልተው ጫኑ። እንግዶች ገቡ፤ ግዛቸው ቀዩን ሳበ፤ ቀዩ ብቻ ወጣ፤ ሌላው ንቅንቅ አላለም። አዳራሹ አጨበጨበ።

ግዛቸውም ዞሮ፣ ፊቱ በርቶ፣ የመጨረሻውን አዋጅ ተናገረ፦ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ከዚህ በፊት ተያይተን አናውቅም መሰለኝ፤ ስምዎን ማን ልበል?»

ጋሽ ሰብስቤ ዘጠኝ ክረምት የያዙትን ቃል ተናጋሪው ረስቶት ኖሯል። ሀዲጃ መቆርጠሟን አቆመች፤ ባልቻ ጫፉን እንደያዘ ቀረ። ከዲላ እስከ ወርቃ እንዲህ አድርጎ የጫነ ጫኝ አልተሰማም፤ ምስጋናም ለእሳቸው ይሁን፣ እጃቸው ለማይሳሳት፣ ሆዳቸው ለማይረሳ፣ ሸክም ለማያጎነብሳቸው ለጋሽ ሰብስቤ፣ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ውሻውን አስከትለው፣ ስማቸውን እንደያዙ ወደ መናኸሪያው ለተመለሱት።