ጋሽ ወጋየሁ እና የከበደው ጥላ

በየቤተሰቡ አንድ የጉዞ አስተባባሪ አለ። ማንም አልመረጠውም፤ ማንም ሊያወርደውም አይችልም። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሽንት የት እንደሚሸና የሚወስነው እሱ ነው። የእኛው አስተባባሪ ክቡር ጋሽ ወጋየሁ ይባላሉ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የላፍቶው ቤታችን የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር።

ጋሽ ወጋየሁ አንዲት ቃል አለቻቸው። ጎማ ሲፈነዳ “ለበጎ ነው”፣ መንገድ ሲስቱም “ለበጎ ነው”። አንድ ጊዜ ሰርግ ብለው ሰብስበውን ሄደው፣ ሰርጉ ለካ ያለፈው እሑድ ኖሯል። ለበጎ ነው፣ ከግርግሩ ተረፍን አሉና የተራረፈውን አስቀርበው በሉ። እናቴማ ይኼ ሰውዬ የቀብሬም ዕለት ይላታል እያለች ትበግን ነበር።

ባለፈው የሐምሌ ገብርኤል ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናቴ አረጋሽ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ካደረገች ስምንት ወር አልፏታል። ሐኪሙ ድነሻል፣ ሂጂ ይላታል፤ እሷ ግን ፈርታ ከሳሎን እስከ በር እንኳ የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ተስላ ነበር፦ “ገብርኤል፣ እንደ ሰው በእግሬ ካራመድከኝ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ደብርህ ድረስ የከፋይ ጥላ ይዤ እመጣለሁ።” ደብሩ ከቱሉ ቦሎ ወዲያ ነው። ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ሐምራዊ ጥላ ተገዛ። ጋሽ ወጋየሁ ዝናብ እንዳይነካው በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ በሲባጎ አስረው፣ ከግቢው በር ጀርባ አቆሙት።

የበዓሉ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱን። መብራት የለም። በዳበሳ ጥቅሉን አንስተው አሮጊቷ ዲኤክስ መኪናቸው ጣሪያ ላይ ሲጭኑት አቃሰቱ። ትናንት እንዲህ ይከብድ ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ስለት እኮ ክብደት አለው” አሉኝ።

ፉሪን ሳንጨርስ ጎማ ተነፈሰ። ተቀያሪው ስኮርት ጎማ ቤት ቀርቷል፤ ለዕቃ ቦታ ይስፋ ብለው ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ጎሚስታው እስኪከፍት ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ለበጎ ነው፣ እንቅልፋችንን ጨረስን አሉ። ከዋናው መንገድ ታጥፈን፣ ደብሩ እየታየን፣ ዲኤክሷ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ከዳገቱ ላይ እልልታ ይሰማል፤ ታቦቱ ወጥቷል ማለት ነው።

እናቴ ወንድሟን አየቻቸው፤ ቀጥሎ እግሯን። በሩን ከፍታ ወረደች። እጄን ብሰጣት ገፋችው። ጭቃውንም ወንድሟንም እየረገመች፣ ሦስት ጊዜ ቆማ፣ አንድም ጊዜ ሳትቀመጥ ዳገቱን ወጣችው። እኔ ከኋላዋ አለቅሳለሁ፤ ጋሽ ወጋየሁ ጥቅሉን ተሸክመው ከኋላዬ ያለከልካሉ።

ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል። ቢሆንም የደብሩ አስተዳዳሪ ስለት ይቀበሉ ነበርና ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልን። ጋሽ ወጋየሁ ሲባጎውን ፈትተው ማዳበሪያውን ገፈፉ። ቀይና ቢጫ ሸንተረር ያለው፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስጠልል የጉልት ጃንጥላ ወጣ። የዙሌካ ነው። ዙሌካ በራችን ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ ማታ ማታ ጃንጥላዋን በማዳበሪያ ጠቅልላ እኛው በር ጀርባ ታሳድራለች።

ጋሽ ወጋየሁ ቃሏን ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣችም።

“እቴቴ፣ አጠፋሁ” አሉ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት።

ዝናቡም ያኔ መጣ። መጠለያ የሌላቸው ነዳያን በሩ ላይ ተኮራምተዋል። እናቴ ጃንጥላውን ከወንድሟ እጅ ወሰደችና በላያቸው ዘረጋችው፤ ጋሽ ወጋየሁ እንጨቱን በድንጋይ አስደገፉት። ስድስት አሮጊቶች ሥሩ ገቡ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ዙሌካ ናት፤ ጃንጥላዬን ሌባ ወሰደው ትላለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

“በቃ እዚያው ይቅር” አለችኝ። “የእኔም ስጦታ ይሁን። የእናንተ ጥላ በሩ ጀርባ አለ፣ እጠብቅላችኋለሁ።”

ለእናቴ ነገርኳት። ጭቃ የለበሱ እግሮቿን ቁልቁል አየቻቸው፤ ቆመዋል፣ ያለ ግድግዳ። የወጣችውን ዳገት ዞራ አየችው።

“ወጋየሁ” አለቻቸው።

“አቤት፣ እቴቴ።”

“ለበጎ ነው።”

ከዚያ ሳቀች፤ ስምንት ወር ያልሰማሁትን ሳቅ። ጋሽ ወጋየሁ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ለዙሌካ አዲስ ጃንጥላ ገዙላት፤ በመዝገብ ቤት ልማዳቸው ስሟን በትልቁ ጽፈውበታል። የከፋዩ ጥላ ሳሎናችን ቆሟል፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል ይሄዳል። እናቴ በየማለዳው በእግሯ መሄድ ትለማመዳለች። ዘመዶቻችን ዘንድሮ እንኳ ደህና መኪና እንከራይ ይላሉ። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ጋሽ ወጋየሁ ካላስተባበሩ አልሄድም። ስኮርት ጎማውን ግን እኔው ራሴ ጭኛለሁ።