ስለ ልጁ የሚመልስ አባት

ስለ ልጁ የሚመልስ አባት አታውቁም? ሐኪሙ ልጁን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲለው፣ አባት ቀድሞ «ሆዱን!» ይላል። በእኛ ደንብ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ ይቆማል፣ አባቱ ይናገርለታል። የዚህ ዓይነት አባቶች አለቃ እኔ ነበርኩ።

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ያኤል ቤት ውስጥ መናገር ካቆመች ሁለት ወር ሲሆናት፣ ከትምህርት ቤቷ ወደ ፕሲኮሎጊት፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ማለት ነው፣ ላኩን። ቢሮዋ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሮቫ ቫቭ ነው። ፕሲኮሎጊቷ የእኛው ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እንደ እኛ ከአገር ቤት የመጡ፣ እሷ ግን እዚህ የተወለደች፣ ገና ወጣት።

«ያኤል፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ትምህርትስ?»

«ጎበዝ ናት።»

«የሚያስፈራሽ ነገር አለ?»

«የእኔ ልጅ? ምንም አትፈራም!»

ወደብ ላይ ክሬን የማንቀሳቅስ ሰው ነኝ፤ ጥያቄም ቢሆን ተንጠልጥሎ ሲቀር አልወድም።

ፕሲኮሎጊቷ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «አንቱስ አባባ፣ በእሷ ዕድሜ ምን ያስፈራዎ ነበር?»

ከዚያ ዝም አለች። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም! አንድ መርከብ ሙሉ ዕቃ ተራግፎ የሚያልቅበት ዝምታ ነበር። አትቸኩልም፣ ሰዓት አታይም፣ ብቻ ትጠብቃለች። እንዲህም ሙያ አለ? እኔ «ምንም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን በዚያ ዕድሜዬ ስለ እኔ የሚመልሱት አባቴ ነበሩና፣ መልሴን የት ልፈልገው?

«ጠብቂው» አለቻት ያኤል። «እያሰበ ነው።»

በሁለት ወር የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅዋ ነው።

«አባቴን» አልኩ በመጨረሻ። «አባቴን እፈራ ነበር።»

«እኔም» አለች ልጄ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።