ይመርን ያስሾመው ሰሌዳ

አታምኑኝም፤ ወላሂ አታምኑኝም። እኔ በብዙ ነገር ምዬ አፍሬያለሁ፤ በዚህኛው መሐላ ግን አንድም ቀን አላፈርኩም። ለማንም ብነግረው ማንም አላመነኝማ።

ዛሬ ዛሬ ሱቅ የሚከፍቱ ልጆች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ለምልክታችን ባለሙያ እንቅጠር ይላል። ሌላው ምን በወጣን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራልን የለ ይላል። እስቃለሁ። እኔና ይመር ይህን ክርክር ድሮ በደርግ ጊዜ፣ አሶሳ ሰፈራ ላይ ጨርሰነዋል። ያኔ ኮምፒውተር የት አለ? ቆርቆሮ ነበረን።

ይመር ማለት ከወሎ አብሮኝ የሰፈረ፣ ከእኔ በቀር የሚያስቸግረው ሰው የሌለው ደግ ሰው ነው። ሚስቱ ዘምዘም ወሎ ካለው የራብ መጠለያ ስንነሳ ጠፋችበት። እሱ የፊተኛው መኪና ላይ ወጣ፤ እሷን የኋለኛው ላይ ጫኗት። የፊተኛው ወደ ግራ፣ የኋለኛው ወደ ቀኝ። አለቀ። አሶሳ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ እንዳለች ሰምቷል። በየትኛው? መንደሮቹ እንደሆኑ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ንቅንቅ የለም።

ታዲያ ምን አደረገ? መኪና ሁሉ የሚያልፍበት መገንጠያ ላይ ከቀርከሃ ሻይ ቤት ሠራ። አንድ ቀን ዘምዘም በጭነት መኪና ታልፋለች፤ ምልክቱን አይታ ትወርዳለች። ሻዩ ሰበብ ነው። ሰበብ ባይሆን ማን ይጠጣው ነበር?

ስሙን በትልቁ ሊያስጽፍ ሲነሳ፣ ማንጎ የሚሸጥልን ሸህ አታሂር ሳቀበት። ሸህ አታሂር የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን ደስ ባለው መንገድ ነው የሚነዳው።

«ያ ይመር! ሚስትህ ማንበብ ያውቃል?»

«ኧረ አታውቅም።»

«ታዲያ ፊደል ለማን ነው? ለፍየል ነው? ሥዕል አድርግ!»

አሶሳ ከተማ አንድ ሠዓሊ ነበር። የየጽሕፈት ቤቱ መፈክር የእሱ እጅ ነው። ለአንድ ሥዕል ሁለት አውራ ዶሮ ይፈልጋል ሲባል ተቆጣሁ። ዶሮዎቹ የይመር ናቸው፤ ግን ዞሮ ዞሮ የምንበላቸው አብረን ነው። ራሳችን እንሠራዋለን አልኩት።

የመንደራችን መጋዘን ጠባቂ ጆንያ የሚያትምበት ቆርቆሮ ነበረው። መሐሉ ላይ የበሬ ቅርጽ ተቆርጦ ወጥቷል። ሰሌዳው ላይ ታስደግፋለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ታነሳለህ፤ በሬ! እናቴ ትሙት፣ ማረሻ እንኳ በቅጡ የማይይዝልኝ እጄ በአንድ ትንፋሽ ሠዓሊ ሆነ። ሻኛው ቢባል፣ ቀንዱ ቢባል! እምቧ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ብንመጣ፣ ከሻይ ቤቱ በር እስከ ወንዙ ድረስ ሰው ማሽላ ተሸክሞ ተሰልፏል። የኅብረት ሥራው መጋዘን መስሏቸዋል! ያ በሬ ለካ በየመንደሩ፣ በየጆንያው፣ በየመጋዘኑ በር ላይ አለ። ይመር «ኧረ ሻይ ቤት ነው!» እያለ ይጮኻል፤ እነሱ «መዝግበንና እንሂድ፣ አታንገላታን» ይሉታል። አንዷማ ደረሰኝ ሳልይዝ አልነቃነቅም ብላ ቁጭ አለች። ሻይ ሰጥተን ሸኘናት። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን እሷ ናት።

ሰልፉ ሲበተን ይመር ሰሌዳውን አየት አደረገና፣ «ይህን በሬ እሷም መንደር ታየዋለች። እኔ መሆኔን በምን ታውቃለች?» አለኝ።

ለሠዓሊው እጅ ሰጠሁ። እኔ! ዶሮዎቹን ታቅፌ ወደ አሶሳ ለመሄድ ፈቃድ ስጠይቅ፣ ጥርሴን አሞኛል አልኩ። ሐኪም ቤት አድርሰው ደህናውን ጥርሴን ነቀሉት። ይኸው ክፍተቱ፤ እዩት። ይመር እስከ ዛሬ በአጋጣሚ የወለቀ ይመስለዋል።

ሠዓሊው መጣ። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ጠየቀ። ባለሙያ ከቆርቆሮ የሚለየው በዚህ ነው፤ ቆርቆሮ አይጠይቅም።

«ሴትየዋ በምንህ ታውቅሃለች?»

«በፊቴ» አለ ይመር።

በፊቱ እንግዲህ! ራብ አንድ ዓመት ሙሉ የበላውን ጉንጭ ሠዓሊው በአንድ ጠዋት መለሰለት። ይመር ሲያየው አለቀሰ። «ዘምዘም የምታውቀው ይህን ሰውዬ ነው» አለ።

ግን ሠዓሊው ዕድሜ ልኩን የሣለው መፈክር ላይ ያሉ ሰዎችን ነው። እጁ ለምዶበት ይመርን ኮሌታ አለበሰው፣ ደረቱን ነፋው፣ ዓይኑን አሻቅቦ ሩቅ አሳየው። ይመር ሆዬ ተሾመ! ከዚያ ወዲያ በደጃችን የሚያልፍ ሁሉ ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ እግሬ አውጪኝ። ሻይ የሚጠጣልን ጠፋ። ሸህ አታሂር እንኳ ማንጎውን ከሩቅ አስቀምጦ ይሄድ ጀመር።

አንድ ረፋድ አንድ ጭነት መኪና ውሃ ሊጨምር ቆመ። አንዲት ቀጭን ሴት ወረደችና ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች፤ መሬት መሬቱን እያየች። ይመር ጀርባውን ሰጥቶ ብርጭቆ ያጥባል።

«ጌቶች፣ አቤቱታ ነበረኝ። ባሌ ጠፍቶብኝ ነው።»

ይመር እጁ ውሃው ውስጥ ቀረ። መዞር ፈራ፤ ያ ጉንጭ ያለው ሰሌዳው ላይ ነዋ።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ይመር።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደግ ነው። ሻይ ማፍላት ግን አይችልም።»

ዞረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ የእኔ እንባ ብቻ ሦስት ጀበና ይሞላ ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ፣ ቢነፋ ማን ሰምቶት።

ዘምዘም እንባዋን ሳትጠርግ ድንገት ተነሥታ ወደ ደጅ ሮጠች። ሰሌዳውን እየጠቆመች፣ «እኒያ ጌታ የት ነው የሚቀመጡት?» ብላ ጮኸችብን። «ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ እግራቸውን ሳልስም አልሄድም! አንድ ወረቀት እንኳ ሳይጠይቁኝ እኮ ነው ባሌን ያወጡልኝ!»