ስሜን የያዘችው አመለወርቅ

ትናንት በሕልሜ የቋንቋ መምህራን ጉባኤ ላይ ነበርኩ።

ጉባኤውስ በእውኑም ዓለም አለ። በየዓመቱ ሐዋሳ እንሰበሰባለን፤ ጥናት ይነበባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንበተናለን። በሕልሜ ግን አዳራሹ ከነምሰሶው ሐይቁ መሃል ገብቶ ቆሟል። ሰው ሁሉ ውሃውን እየረገጠ ሲገባ ጫማው ደረቅ ነው፤ የሚረጥበው ባርኔጣው ነው። ማንም አልገረመውም። እኔንም ያሳሰበኝ ጸጉሬን ገና መሠራቴ ብቻ ነበር።

በሩ ላይ ካባ የለበሱ ፕሮፌሰሮች ተሰልፈው የእንግዳ ሻንጣ ይሸከማሉ። አንድ ሽማግሌ የኔን ከእጄ ነጠቁና ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«እባክሽ መምህርት፣ አንድ ነገር ጠይቂኝ» አሉኝ።

«ምን ልጠይቅዎ?»

«የፈለግሽውን። ከጠዋት ጀምሮ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እሺ፤ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

ሻንጣውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም» አሉ። እያሰቡ ትቻቸው ገባሁ።

መግቢያው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አለቃቸው ጆሮዋ ላይ ጠመኔ የሰካች፣ ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙም የማይበልጥ ልጅ ናት። መምህራኑ ሁሉ ፊቷ እጃቸውን አጣምረው «እርስዎ» ይሏታል። እኔም አጣመርኩ።

«ያንቺ ይኸውና» ብላ አንገቴ ላይ ባጅ አጠለቀችልኝ።

ባጁን አየሁት። «አመለወርቅ ኤርሲዶ» ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ የኔ ስም አይደለም። የጓደኛዬ ነው።»

«እና? እዚህ ማንም የራሱን ስም አይዝም። ያንቺን እሷ ይዛዋለች፤ ፈልገሽ አግኛት።»

«ካላገኘኋትስ?»

«ደወል እስኪደወል ካላገኘሻት ተውላጠ ስም ትሆኛለሽ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም። በጠመኔዋ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። እዚያ ጥጉን ይዘው ፊታቸው የገረጣ ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው «እሱ» ነው። ሌላዋ «እሷ» ናት። ሰብሰብ ያሉት ደግሞ «እነሱ» ናቸው። ከመሃላቸው አንድ የማውቀው ፊት አየሁ። በአንድ ወቅት ክፍሌ ድረስ መጥቶ የጠመኔ አያያዜን የነቀፈ ሱፐርቫይዘር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሽ…» ብዬ ስሙን ልጠራ ብል ጠፋብኝ።

«አትድከሚ» አለኝ። «‘እሱ’ በይኝ፣ ለምጄዋለሁ። በየጉባኤው ጥናቴን አንብቤ ከምሳ በፊት እሄድ ነበር። ማን ያውቀኛል ታዲያ?»

ደነገጥኩ። የራሴን ስም ልጥራ ብዬ አፌን ብከፍት «እኔ» የሚል ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከርኩ። «እኔ።» ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

አመለወርቅን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሆሳዕና ነው የምታስተምረው፤ እንግሊዝኛ። እኔ ደብረ ብርሃን አማርኛ አስተምራለሁ። የተዋወቅነው በዚሁ ጉባኤ ነው፤ አልጋ ጠበበና አንድ ክፍል ደረሰን። እሷ መስኮት ካልተከፈተ አትተኛም፣ እኔ ሹራብ ካልደረብኩ አልተኛም። የመጀመሪያውን ቀን በመስኮቱ ተኳረፍን፣ በማግስቱ እሷ ሹራብ ገዝታ አመጣችልኝና ታረቅን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ክፍል ስጡን እንላለን። ጥናት ሲረዝም ከጠረጴዛ ስር ብርቱካን ልጣ ግማሹን ታቀብለኛለች። የቀረውን ዓመት በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥ እንጯጯሃለን። ቋንቋ ከሚያስተምሩት ሰዎች ሁሉ ምንም ሳላወራ መቀመጥ የምችለው ከሷ ጋር ብቻ ነው።

እናም ልፈልጋት ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

አዳራሹ ውስጥ ጉባኤው ተጀምሯል። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች! የሻይ ሰዓታችን ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ለንግግር ያለን አጭር እረፍት ብቻ ስለሆነ ተናጋሪዎች ቶሎ ተናግራችሁ እንድትመለሱ» አለ። ወዲያው አንዲት ሴት እየሮጠች መድረክ ላይ ወጣችና «ስለሆነም» ብላ ወረደች። ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው።

«ግሩም ነው» አለ አጠገቤ የቆመ ሰው። «ትንሽ ረዘመ እንጂ።»

ሻይ የያዙ ፔርሙዞች ክዳናቸውን አውልቀው በአክብሮት ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። «እኔን ቅጂኝ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆሜያለሁ» ይላል አንዱ። ሌላው ያለ ሰልፉ ሊገባ ብሎ ተጮኸበት። አመለወርቅን ያየ እንዳለ ብጠይቃቸው «እኛ የምናውቀው ሰውን በስኳሩ ነው» አሉኝ።

«ሁለት ማንኪያ» አልኳቸው። «ሦስተኛውን ሰው ሳያያት ነው የምትጨምረው።»

«እህ! በኋላ በር ወጥታለች» አሉ በአንድ ድምፅ።

በኋላ በር ስወጣ ጨለምለም ያለ ኮሪደር ውስጥ ገባሁ። አንድ ሰው ኮቱን ገለጥ አድርጎ አስቆመኝ። የኮቱ ገበር በሙሉ በወረቀት ተሞልቷል።

«ጥናት አለኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ስለ ተሻጋሪ ግስ። ትኩስ ነው። መግቢያውን ብቻ ላንብብልሽ?»

«ጓደኛዬን እየፈለግሁ ነው፣ ወንድሜ።»

«ማጠቃለያውንስ? እባክሽ፣ ቤተሰቤም አልሰማኝም።»

አሳዘነኝና ልሰማው ቆም አልኩ፤ ግን አላደረሰውም። ከመስኮቱ ረጅም መንቁር ገብቶ ወረቀቶቹን ከኮቱ ለቅሞ ዋጣቸው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብቀው መላጣ ወፍ፣ አባ ኮዳ ነው። መነጽር አድርጓል። ጥናት የሚገመግመው እሱ ነው አሉ።

«እንዴት አገኙት?» አለው ሰውዬው እየተርበተበተ።

አባ ኮዳ ጉሮሮው ላይ ያለውን ከረጢት አንቀጠቀጠ። «አጥንት የለውም» አለና ትቶን ወደ አዳራሹ ገባ። ሰውዬው ግን ደስ አለው። ቢያንስ እስከ መጨረሻው ውጦልኛል አለ።

አመለወርቅን ያገኘኋት ኮሪደሩ ጫፍ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እሷም እኔን ትፈልጋለች። ተቀምጦ መፈለግ የሷ አመል ነው። አንገቷ ላይ «ትርሲት ወልደሰንበት» የሚል ባጅ ተንጠልጥሏል። ስሜን ያየሁት ያኔ ነው። የረሳሁትን ዘመድ ያየሁ ያህል ሆድ ባሰኝ።

«ስጪኝ፣ እናቴ!» ብዬ ተጠመጠምኩባት።

ባጁን ልታወልቅ ስትል ጠመኔ ጆሮዋ ላይ የሰካችው ልጅ ከመካከላችን ገባች። «ሳትፈተኑ የለም!» አለች። «ጓደኛ ነን ማለት ብቻውን አይበቃም። ከሁለታችሁ አንደኛችሁ ትፈተናለች።»

ወዲያው አዳራሹ መሃል ጠባብ ዴስክ ላይ ራሴን አገኘሁት። ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ በጎን ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ተማሪዎቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሟል። አመለወርቅን አፏን በፕላስተር አሽገው ከጎኔ አስቀምጠዋታል፤ እንዳትነግረኝ ነው። ሱፐርቫይዘሩም ከግድግዳው ሆኖ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«አመለወርቅ ስትናደድ ምን ታደርጋለች?» አለች ልጅቷ።

«ሰሌዳ ትጠርጋለች» አልኩ። «ሰሌዳ ካጣች ግድግዳ ትጠርጋለች።»

አመለወርቅ በዓይኗ ሳቀችልኝ።

«ምን ያስቃታል?»

«እኔ ስዘፍን። ከምሬ ልዘፍን ስሞክር ደግሞ ይብስባታል።»

«ይዘፈን!» አለ አባ ኮዳ። አንድ ስንኝ እንኳ ሳልጨርስ የአመለወርቅ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፕላስተሩ ሊፈነዳ ደረሰ። ተማሪዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፍኩ ብዬ ልነሳ ስል ልጅቷ ጠመኔዋን ከጆሮዋ አወረደች።

«የምታለቅሰው በምን ቋንቋ ነው?»

ከኔ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው። የምታስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓመት ወንድሟ ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ከክፍላችን ወጥታ በረንዳ ላይ ስልክ ስታወራ ነበር። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። «ምንም አይደል፣ ደህና ነው» አለችኝ፣ በአማርኛ። በረንዳው ላይ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

«በሀዲይኛ ይሆናላ» አልኩ።

«ሰምተሻት ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም፤ ግን ሆሳዕና ተወልዳ፣ ሆሳዕና አድጋ… ይሆናል እንጂ።»

አባ ኮዳ «ይሆናል» የሚለውን ቃል ገና ከአፌ እንደወጣ አየር ላይ ቀልቦ ዋጠው። «ማስረጃ የለውም» አለ።

የሹራቤ ቀለም መደብዘዝ ጀመረ። እጄን ባየው በውስጡ ዴስኩ ይታየኛል። ደወል የያዘ ተማሪ ተነሳ።

«እሷን ወደ ግድግዳው ውሰዷት» አለች ልጅቷ። እሷ ያለችው እኔን ነው።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ ጠጋ እያለልኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከሱ ጋር ለዘለዓለም ግድግዳ መደገፍ አልፈለግሁም።

አመለወርቅን አየኋት። እሷም ታየኛለች። አጠገቤ እኮ ነው ያለችው። ክርኗ ክርኔን ነክቶታል። ምን አስጨነቀኝ? እጄን ወደ ፕላስተሩ ዘረጋሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» ጮኸች ልጅቷ።

«ልጠይቃት ነዋ!»

አዳራሹ ተናወጠ። ፔርሙዞቹ ክዳናቸውን ጣሉ። «ክልክል ነው!» አሉ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ። «ሰው ይጠናል እንጂ አይጠየቅም! ይጠናል እንጂ አይጠየቅም!»

ደወሉን ሊመታ የተማሪው እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ፕላስተሩን ይዤ ሳብኩት፤ አልላቀቅ አለኝ። ባለኝ አቅም ሁሉ ጮህኩ።

«አንቺ! ንገሪኝ እንጂ! የምታለቅሺው በምን ቋንቋ ነው?»

ድምፄ ከአራቱም የአዳራሹ ጥግ ተመልሶ መጣና ቀሰቀሰኝ።

ከምሳ በኋላ ነበር። ፊት ለፊቴ የውሃ ጠርሙስና ቀይ መብራቱ የበራ ማይክራፎን አለ። የተቀመጥኩት መድረክ ላይ ነው። የከሰዓቱ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ከጎኔ ቆመው «በመምህራን መካከል የሰብአዊ ትስስር ፋይዳ» የሚለውን ጥናታቸውን ሲያነቡ የነበሩት ዶክተር የሻረግ ንባባቸውን አቋርጠዋል። ዶክተር የሻረግ የአብዛኞቻችን አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ሳይቀሩ «እርስዎ» ይሏቸዋል እየተባለ ይወራል። «አንቺ» ያልኩት እሳቸውን ነው ማለት ነው።

መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አዩኝ። ከዚያ ጥናታቸውን ወደ ኋላ ገለጡ። ወደ ፊት ገለጡ። እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ክብርት ሰብሳቢ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ጥናቱ ይህን ነጥብ አልዳሰሰውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዓይኑን እያሻሸ የሚስቀውን ሰው ብዛት ሳይ፣ ከምሳ በኋላ የተኛሁት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ገባኝ። ከፊት ረድፍ አመለወርቅ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትንፈራፈራለች። ቀና ስትል እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል። በሁለት እጇ እየጠረገች፣ ሳግ እያቋረጣት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ያገሯ ልጅ አንድ ነገር ነገረቻት፤ በሀዲይኛ። ረጅም ነገር ነው። መሃሉ ላይ ስሜ አለበት። ሁለቱም ተያይዘው እንደገና ጠረጴዛው ላይ ወደቁ።

ከስሜ በቀር አንድም ቃል አልገባኝም። ዶክተር የሻረግንም፣ ሰብሳቢነቴንም፣ ማይክራፎኑንም ረሳሁ።

«ምን አልሽ?» አልኳት።