አደይ ለተብርሃን ያሳጠሩት ስብከት

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሰብክ የተጠራ ሰው ከጸሎት ቀድሞ የሚፈልገው መስተዋት ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ የማማው ራሴን ነው። ከመስተዋቱ ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። አስተውላችሁ እንደሆነ፣ አንዳንድ ወንድሞች ሻይ ቤት ስታገኟቸው እንደማንኛችንም ነው የሚያወሩት። ማይክ ሲጨብጡ ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል። «ጌታ» የምትለዋን አጭር ቃል ጎትተው ጎትተው ከአዳራሹ ጫፍ ያደርሷታል። ለመሆኑ እግዚአብሔር ሻይ ቤት የምናወራበትን ድምፅ አይሰማም ያለን ማን ነው?

የሆነ ሆኖ እኔም ተጠራሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። መቀሌ የመጣሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ ለማስተማር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሌላ ክልል የመጣን መምህራንና ተማሪዎች በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስበን በአማርኛ እናመልካለን። የፕሮግራሙ ኃላፊ ወንድም ኤልያስ አንድ ቀን ትከሻዬን ይዞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ለክርስቶስ መኖር» በሚል ርዕስ እንድሰብክ ነገረኝ። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ፊቴ ላይ ግን ትሕትና አስቀመጥኩና «እኔ ማን ሆኜ?» አልኩት። እንዲህ የሚል ሰው እምቢ ማለቱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ኤልያስም ስሜን ወዲያው መዘገበ።

ስብከቴ ሦስት ነጥቦች ነበሩት፤ ሦስቱም በ«መ» ይጀምራሉ። መዳን፣ መታመን፣ መኖር። ነጥቦች በአንድ ፊደል ካልጀመሩ ነፍስ አትድንም የሚለውን ትምህርት ከየት እንዳመጣነው እንጃ፣ ብቻ እኔም ጠብቄዋለሁ። የመጀመሪያው ነጥብ መዳን በጸጋ መሆኑን ያስረዳል። ሁለተኛው ረዥም ነው። ግሪክኛ የማላውቀው ሰውዬ ሦስት የግሪክ ቃላት አስገብቼበታለሁ። ሦስተኛውን የጻፍኩት በአንድ ምሽት፣ እራት እስኪደርስ ነው። እግዚአብሔር ሲምረን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እስኪጣራ አልጠበቀም፤ ጥፋተኞቹ እኛ መሆናችንን እያወቀ ራሱ መጣ። እንግዲያው የዳነ ሰው፣ የበደለው መጥቶ እስኪንበረከክለት ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ራሱ ይሄዳል ይላል። «ራሱ ይሄዳል» የምትለዋ ላይ ቀኝ እጄን ወደ ሕዝቡ እዘረጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከቃሉ ይልቅ የደከምኩት በእጄ ላይ ነው።

የምኖረው ዓይደር ሰፈር፣ አደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። አደይ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ፍስክ ከጾም ቀን ቆጥረው የሚያውቁ ኦርቶዶክስ ናቸው። የእኔን ክፍል ከእሳቸው መኝታ የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ስጮህ ይህ ኮምፔንሳቶ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ሰባኪ አድማጭ አለኝ ብሎ ሲያስብ እንጂ በእርግጥ አድማጭ ሲኖረው መች ያውቃል?

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ድምፄ ከሐሙስ ጀምሮ ሻክሮብኝ ስለነበር ዝንጅብል በሙቅ ውኃ እየጠጣሁ ነበር። አደይ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወደይ፣ ዛሬ ትምህርት የለህም አይደል?» አሉኝ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

ለነገ ስብከት እየተዘጋጀሁ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ። እኔም እኮ አብሬህ ነው የተዘጋጀሁት» አሉ። አንገታቸውን ወደ ኮምፔንሳቶው አዘንብለው አሳዩኝና አስተያየታቸውን ቀጠሉ። «መጀመሪያ ያልከው ጥሩ ነው። መካከለኛው አልገባኝም፤ ግን እንቅልፍ ያመጣልኛል፣ እግዜር ይስጥህ። ሦስተኛው...» ብለው የበሩን መቃን ተደገፉ። «ሦስተኛው እንቅልፍ ከልክሎኛል።»

ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ነገሩኝ። ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም በሚባል ሰፈር የምትኖር ታናሽ እህት አለቻቸው፤ ወይዘሮ አልጋነሽ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ስልክ ተቋርጦ ሰው ከሰው በእግር ብቻ በሚገናኝበት ወቅት፣ የአደይ ባል ሞቱ። አደይ እህታቸው ዘንድ አንድ የሰፈር ሰው ላኩ። ሰውየው «ነግሬያታለሁ» ብሎ ተመለሰ። እህት ግን ለቀብር አልመጡም፣ ለሰልስትም አልመጡም። በሁለተኛው ሳምንት እያለቀሱ መጥተው «ማንም አልነገረኝም» ሲሉ አደይ የግቢውን በር ዘጉባቸው። ይኸው አራት ዓመት አለፈ። አሁን ግን ወይዘሮ አልጋነሽ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባቸው ሰኞ ዓይደር ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው። አደይ ይህን የሰሙት ከሌላ ሰው ነው።

«ከቤቴ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ልትተኛ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብትሆን እኔ ከየትኛው ቤት ወጥቼ አለቅሳለሁ?»

እንድሸኛቸው ነበር የፈለጉት። እኔ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «አደይ፣ ነገ ስለ ይቅርታ የምሰብከው አለብኝ፤ ትንሽ ጊዜ አጥሮኛል» አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ነውሩን ሰማሁት፤ ግን ወጥቷል። አደይ አልተቆጡም። «ብቻዬን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉኝ። «ሦስቱንም ጊዜ በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። አንተ ካለህ አፍራለሁ፣ አልመለስም። ደግሞ እኔ ሲጨንቀኝ አፌ ይታሰራል። አንተ ትናገርልኛለህ።»

ስብከቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ተከተልኳቸው።

እስከ ሮማናት አደባባይ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄድን። አደይ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ ተቀምጠዋል። እኔ በበኩሌ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገ መድረክ ላይ የማወራው ምስክርነት በእግሩ መጣልኝ ብዬ፣ አራተኛ ነጥብ እስከ መጨመር ደርሼ ነበር። «መታረቅ»፤ እሱም በ«መ» ይጀምራል። አደይ ድንገት በመስኮቱ እያዩ «የቀበርነው ዘጠኝ ሰው ሆነን ነው» አሉ። «አርባ ዓመት የኖረበት ሰፈር፣ ዘጠኝ ሰው። ዓይኔ ግን የፈለገው አሥረኛዋን ነው።» አራተኛው ነጥብ ከአእምሮዬ ጠፋ። እኔ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሻንጣ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ይቅርታን በሦስት ነጥብ ጽፌ በኪሴ የያዝኩት እኔ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ነበሩ።

የወይዘሮ አልጋነሽ በር ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። አደይ እጃቸውን አንስተው መልሰው ሲያወርዱ አይቼ እኔ አንኳኳሁ። የከፈቱት ራሳቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸው ከአደይ ፊት የተቀዳ ሴት፣ አንድ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ይዘው ቆሙ። እህትማማቾቹ ተያዩ። አደይ እውነትም አፋቸው ታስሮ ወደ እኔ ዞሩ።

ጊዜዬ ደረሰ። ደረቴን ነፋሁ፣ ቀኝ እጄ ልምዷን አልረሳችም፣ ተዘረጋች፤ አፌንም ከፈትኩ። የወጣው የተበሳ ጎማ ድምፅ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። በዚህኛው ጊዜ ጎማው ጨርሶ ተንፍሷል። እጄን ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ምንም ድምፅ ሳላወጣ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝና በትግርኛ እህታቸውን ጠየቁ። «ይህ ልጅ ታሟል እንዴ?»

«የለም» አሉ አደይ። «ሰባኪ ነው።»

ከአራት ዓመት በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ንግግር ይህ ነው። የአደይ ከንፈር ዳር ዳሩን ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የእህታቸውም። ከዚያ አደይ እንደማልረባ ተረድተው ራሳቸው ጀመሩ።

የእኔ ትግርኛ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም ገዝቶ ከመመለስ አያልፍም። ግን የራሴ ስብከት እንዴት ይጠፋኛል? አደይ እንዲህ ነበር ያሉት፤ ሰውየው ይምጣ አይምጣ፣ ትስሚ አትስሚ፣ ያንን ለማጣራት አልመጣሁም። እግዚአብሔር እኔን ሲምር አላጣራም። እኔም መጠበቅ ሰለቸኝ፤ ራሴ መጣሁ። «ይቕረ በልኒ፣ ሓፍተይ» አሉ። ይቅር በይኝ እህቴ ማለታቸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መካከለኛውን ነጥብ እንዳለ አውጥተው ጥለውታል፤ ግሪኮቹ ዓይናለም አልደረሱም። የሁለት ሳምንት ድካሜ እንዲህ ተቆርጦ፣ ተከርክሞ፣ በሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ያን ያህል ውብ ነገር እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ወይዘሮ አልጋነሽ «በየሙት ዓመቱ ገና ሳይነጋ መቃብሩ ላይ የሚበራው ጧፍ የማን ይመስልሻል?» አሉ። «አንቺ ሳትመጪ አብርቼ እሄዳለሁ።»

አደይ ጎንበስ ብለው የእህታቸውን እግር ሊይዙ ሲሉ ታናሽየዋ ቀደሟቸው፤ ሁለቱም እላይ ለመነሳትም እታች ለመውረድም ሳይስማሙ በር ላይ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ለቅሶ መስሏት እየሮጠች መጣች፤ ነገሩን ስታይ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያኛው አጥር ሌላ መለሰች፤ ከዚያ ሌላ። እኔም እልል ልል ሞክሬ ነበር፤ ድምፁን የሰማ የለም እንጂ። ወይዘሮ አልጋነሽ «ንዒ፣ እተዊ»፣ ነይ ግቢ፣ እያሉ እህታቸውን ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ያን ቀን እያለቀስን በላን። ለእኔ ለጉሮሮዬ ብለው ማር በሻይ ሰጡኝ።

እሑድ ከሰዓት መድረክ ላይ ስወጣ የተረፈኝ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ወንድም ኤልያስ ማይኩን አፌ ውስጥ ሊከተው ትንሽ ነው የቀረው። ወረቀቱን አላወጣሁትም። ዓይናለም በር ላይ የሆነውን፣ አደይ ፈቅደውልኝ፣ ሻይ ቤት እንደማወራው አወራሁ። ሰው ለመስማት ሲል ትንፋሹን ዋጠ፤ የሚያስል እንኳ አልነበረም። መዳን ማለት ክርስቶስ ራሱ ወደ እኛ መምጣቱ ነው፣ ለእሱ መኖር ማለት ደግሞ ተነስቶ መሄድ ነው አልኩና ጨረስኩ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ እያለቀሰች ወደ ፊት መጣች፤ ጌታን ልቀበል አለች። ከኋላዋ ሁለት ተከተሉ። መዘምራኑ መሐል፣ ወር ሙሉ ጀርባ ተሰጣጥተው የዘመሩ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ኤልያስን ለመዝጊያ ጸሎት ብፈልገው የለም። ውጭ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሦስት ዓመት ያላናገረውን አዲስ አበባ የሚኖር ወንድሙን «እኔ ነኝ... አዎ፣ እኔ ነኝ» ይለዋል። ኃላፊው ራሱ ፕሮግራሙን ጥሎ ስለወጣ የሚዘጋው ጠፋ፤ የአዳራሹ ጥበቃ ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ዘመርን። በእኔ ዕድሜ እንዲያ ያለ ዝማሬ አልሰማሁም።

ወይዘሮ አልጋነሽም ሰኞ በሰላም ገብተው በሰላም ወጡ። አሁን አደይ ቤት እያገገሙ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ጠሩኝና በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

«ወደይ» አሉ አደይ፣ «እኔና እሷ ገና በብዙ ነገር አንስማማም። በጨው እንኳ አንስማማም። በአንድ ነገር ግን በአንድ ልብ ተስማምተናል።»

ወይዘሮ አልጋነሽ እጄን ያዙኝ። «ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ በእርጋታ። «ግን አልዳንክም።»

ስለዚህ ጴንጤነቱን ትቼ ወደ እናት ቤተ ክርስቲያን እንድገባ ሁለቱም ተስለው፣ ከዕለቱ ጀምሮ በስሜ ሱባዔ መያዛቸውን አስታወቁኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠፋ ዝም ብለን አናይም አሉ። ሁለት የታረቁ እህትማማቾች አንድ ላይ ሲጸልዩ ምን መልስ ይሰጣል? «አሜን» አልኩ።