ሰባት ጊዜ እልል ያለችው ኦርጋን

ቆላ የወረደ ነገር እንደ ወረደ አይቀርም። ይህን የምለው ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ ሰው ብናገር ነገር ይመጣብኛል። መተማ አጠገብ ያለችው ከተማችን ኮኪት ብትመጡ የውኃ መሳቢያ ሞተር ማሽላ ሲፈጭ ታገኛላችሁ። የትራክተር መቀመጫ ፀጉር ቤት ውስጥ ተተክሎ ደንበኛ ያሽከረክራል። የሠራው ፋብሪካ መጥቶ ቢያየው የገዛ ልጁን አይለየውም። እኛ ዘንድ መሣሪያ ተገዝቶ ሲገባ «ምን ይሠራል?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ሌላስ ምን ይሠራል?» ነው የሚባለው። መመሪያው በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ሳይታወቅ ሱቅ ሄዶ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል።

እኔ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ነኝ። ኦርጋን የምላችሁ ኪቦርዱን ነው፤ ሰፈራችን ቁልፍ ተነክቶ ድምፅ የሚያወጣውን ሁሉ ኦርጋን ይለዋል። የእኔዋ አሮጌ ናት። አሮጌ ትሁን እንጂ ከበሮውንም ክራሩንም ዋሽንቱንም በሆዷ ይዛ፣ አንድ ዘፈን ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ብቻዋን የምታቀናብር፣ በደህናው ዘመኗ ስቱዲዮ ሙሉ ሰው ሥራ ያስፈታች ናት። መተማ ዮሐንስ ላይ ከአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው የገዛኋት። «ተማም» አለኝ። ተማም ማለት እንከን የላትም ማለት ነው። በድንበር ንግድ ግን «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው» ማለትም ይሆናል።

እንከኗ አንዲት ነበረች። ኦርጋኗ ለዐረብ አገር ዘፈን የተሠራች ስለሆነች በተከፈተች ቁጥር ድምፆቿን ወደዚያው ቅኝት ትመልሳቸዋለች። ትዝታ ስትጫወቱባት አንዷ ድምፅ ከቦታዋ ትንሽ ዝቅ ብላ ታለቅሳለች። በእጄ እየነካካሁ ወደ እኛ ቅኝት አመጣት ነበር። ነገር ግን የቆላ ሠርግ የሚሠረገው በጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተር ደግሞ ያስነጥሰዋል። ባስነጠሰው ቁጥር ኦርጋኗ ጠፍታ ትነሣለች፤ ስትነሣ የት አገር እንዳለች ረስታለች። ሙሽራው እስክስታውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ይቀራል። ሽንፋ አንድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ መሐል ላይ ያለችዋን ድምፅ ጠበል ብትወስዳት» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ወሬ ደግሞ ጭልጋ ድረስ ይሄዳል። ጭልጋ አማቴ አያ ቢምረው ይኖራሉ። ልጃቸውን ጥሩዬን ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ «ለአዝማሪ ልጅ አልሰጥም» ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ አልሰጡኝም፣ ተከትላኝ መጣች እንጂ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ጥሩዬ ማርገዟን ሲሰሙ እንኳ «ማርያም ታውጣት» ብለው ላኩ እንጂ አልመጡም። መውለጃዋ ሲቃረብ ጥሩዬ ምኞቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ አባቷ ልጇን ታቅፈው ማየት። ለሰው አትናገረውም። ለእኔ ግን በየቀኑ ትነግረኛለች።

ሥልጡን ሰው በዚህ ጊዜ አማቱን የሚያስታርቅበት መንገድ ይፈልጋል። እኔ ኦርጋኔን ማስተካከል ጀመርኩ። ዓለም ላይ አሮጌ ኦርጋን የሚወዱ ሰዎች አሉ ለካ፤ በኢንተርኔት ተሰብስበው የመሣሪያውን ፈርምዌር እየከፈቱ ይቀይሩታል። ፈርምዌር ማለት መሣሪያው ከእንቅልፉ ሲነሣ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ነገር ነው። እሱን ከለወጣችሁት ኦርጋኗ ጭልጋ የተወለደች መስሏት ትነሣለች። ኔትወርክ የተሻለ ወደሆነበት ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ ሄጄ ፋይሉን በፍላሽ አመጣሁና፣ ቅኝቶቹን አንድ በአንድ ወደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቀየርኳቸው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ኦርጋኗ ስትከፈት የምታሰማትን የፈረንጅ ቃጭል በእልልታ ብለውጣትስ አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ አዝመራ እልልታቸው ሁለት ሰፈር ይሻገራል። አንድ ጊዜ ብቻ እልል በሉልኝ ብዬ በስልኬ ቀዳሁና አስገባሁት።

አሁን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ጎረቤት እልል ይላል፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሰው ሁሉ የያዘውን ሥራ ሳይጥል ጆሮውን ቀስሮ ይቆጥራል።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ጥሩዬ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። ፍላሹን ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መጎተት ጀመረች፤ በዚህ መሐል መብራት ከጠፋ ኦርጋኗ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ሆና ትቀራለች። የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። መስመሯ ደረሰች። አጠፋሁ፣ ከፈትኩ።

እልልልልል!

ዘለልኩ። ብቻዬን ቤት ውስጥ፣ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ስክሪኑ ጨለመና እንደገና በራ። እልልልልል! ደስ ብሏት ደገመችው አልኩ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ፤ ኦርጋኗ ተነሥታ ሳትጨርስ ትጠፋለች፣ እንደገና ትነሣለች፣ በተነሣች ቁጥርም እልል ትላለች። ማጥፊያዋን ብጫነው አልሰማ አለች። ሶኬቱ ያለው ከሰሊጥ ጆንያዎቹ ኋላ ነው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለሠርግ የተገዛ ስለሆነ ሹክሹክታ አያውቅም፤ ያውም ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነበር። ጆንያ ላይ ወጥቼ፣ በማዶ ተንሸራትቼ፣ በሆዴ ተኝቼ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ስንት ጊዜ እልል እንዳለች አልቆጠርኩም። ኮኪት ግን ቆጥሯል።

መጀመሪያ የገባችው ቅቤ የያዘች ሴት ናት። ቀጥሎ ዱቄት መጣ። ቀጥሎ እትዬ አዝመራ ከወፍጮ ቤት ፊታቸው ዱቄት እንደሆነ እየሮጡ ደረሱ። «እኔ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ በድምፄ እልል ያለ ማነው?» አሉ። አፌን ከፍቼ ሳልዘጋው ግቢው ሞላ፤ እሳት ተለኮሰ፣ ገንፎ ተጣደ። ወንዶቹ እጄን እየጨበጡ «ወንድ ነው! ወንድ ነው!» ይሉኛል። እንዲህ በደስታ የሚጨብጣችሁን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

በዚህ መሐል ጥሩዬ በባጃጅ ደረሰች። ሆዷን አስቀድማ በበሩ ገባች።

«ማን ወለደ?» አለች።

ማማሰያ የያዘችው ሴት ቀና አለችና «አንቺ» አለቻት።

ሴቶቹ ሆዷን አዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ኦርጋኗ ናት» አልኩ።

«ኦርጋኗ ወለደች?» አሉ እትዬ አዝመራ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል። ጥሩዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የተማሰለ ገንፎ አይጣልምና ገንፎው ተበላ፤ ቅቤውም በርበሬውም ነበረው።

ሳቁ የቆመው አንዷ ሴት «ውይ፣ እኔ እኮ ጭልጋ ደውያለሁ» ስትል ነው። «ወንድ ነው፣ ሰባት ጊዜ ተብሏል ብዬ ለአያ ቢምረው ነገርኳቸው።» ደወልን፤ ስልካቸው አይሠራም። መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ጥሩዬ ፊቷ ተለወጠ። «ለወንድ ብለው ነው የሚመጡት» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ። «ሴት ብትሆን ዳግመኛ አይመጡም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ቢምረው ሙክት እየጎተቱ ገቡ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ሆዷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አልወለድሽም።»

«አልወለድኩም አባየ።»

ያመጣቸው መኪና አቧራውን ትቶ ሄዷል። አያ ቢምረው መንገዱን አዩ፣ ሙክቱን አዩ፣ እኔን ሳያዩ አለፉ። «እንግዲያ እጠብቃለሁ» ብለው ሙክቱን ዛፍ ሥር አሰሩና ተቀመጡ።

ጠበቁ። እሳቸው ደጅ ሲጠብቁ እኔ ውስጥ የተሳሳትኩትን ፈልጌ አገኘሁት፤ እልልታውን አወጣሁ፣ ቅኝቱን አስቀረሁ። ሆን ብዬ ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ኦርጋኗ ዝም ብላ ተነሣች፣ ትዝታም ከነሙሉ ጤናዋ ወጣች። አንድ ጊዜ ተጫውቼ ስጨርስ ከደጅ «ይችስ ደህና ናት» የሚል ሰማሁ። ስለ ሙክቱ እንዳይሆን በመስኮት አየሁ፤ ሙክቱ ወንድ ነው።

በዚያው ሳምንት ጥሩዬ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። ወደ ቤት ስናመጣት ግቢው ሴት በሴት ሆኖ ጠበቀን። እትዬ አዝመራ በእውነተኛው ጉሮሯቸው መሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አቆሙ። ሰው ሁሉ ዛፉ ሥር ወደቆሙት ሽማግሌ አየ። ጥሩዬ ግን መሬት መሬቱን ታያለች።

«ምነው ቆመ?» አሉ አያ ቢምረው።

«ሴት ናት እኮ አያ ቢምረው» አሉ እትዬ አዝመራ በቀስታ።

«ሴት መሆኗንማ ነገሩኝ። እኔ ግን ሰባት ተብየ ነው ከጭልጋ የወረድሁ፤ ከሰባት አንዲትም አላጎድል።» መጥተው ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ተቀበሉ፤ ጋቢያቸውን አልብሰው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። «አራት ይቀራል» አሉ።

እትዬ አዝመራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ። ሰባት ሞላ የሚሉ አሉ፤ ስምንትም ዘጠኝም አልፏል የሚሉ አሉ። እኔ እያለቀስኩ ስለነበር አልቆጠርኩም።